910 ኪሎ ኸርዝ፦ የዜኒት ክስ እና የአሜሪካ ሞገድ ዳኛ ያጣባቸው ወራት

ቺካጎ ውስጥ ራዲዮን እየሠራ የሚሸጠው ዜኒት ኩባንያ በ1925 ለጣቢያው ያገኘው የስርጭት ፈቃድ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ የሚያሠራ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደብሊው ጄ ኤ ዜድ የሚባለው ይህ ጣቢያ በ322.4 ሜትር የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም በ930 ኪሎ ኸርዝ፣ ሐሙስ ምሽት በእኛ አቆጣጠር ከ4 እስከ 6 ሰዓት እንዲያሰራጭ ተፈቀደለት፤ ያውም ዴንቨር ያለው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ጣቢያ ኬ ኦ ኤ ሰዓቱን ካልፈለገው ነው። ዜኒት በ1925 እና በ1926 መጋጠሚያ ላይ ይህን ቦታ ትቶ ወደ 329.5 ሜትር፣ ወደ 910 ኪሎ ኸርዝ ተሻገረ። 910 ደግሞ በስምምነት ለካናዳ የተተወ ቦታ ነበር።

አንድን ማስተላለፊያ በ20 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ማድረግ ለቴክኒሻን ትንሽ ሥራ ነው። ያ ትንሽ ሥራ ግን የአሜሪካን የራዲዮ አስተዳደር ከሥሩ ነቀለው። ከሰባት ወር በላይ የትኛው ጣቢያ በየትኛው ሞገድ፣ በስንት ዋት፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ የሚወስን አካል አገሪቱ ውስጥ ጠፋ። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ፈቃዱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ከጀርባው የሚያስከብረው ሕግ አልነበረውም። ለዓመታት የተከበረው በፍርድ ቤት የፈተነው ስላልነበረ ነው።

በሳምንት ሁለት ሰዓት ለምን?

ፈቃድ ሰጪው ንግድ ሚኒስቴር ዜኒትን ለመጉዳት ብሎ አልነበረም ሰዓቱን ያሳጠረው። ቦታ አልቆ ነበር።

በፒትስበርግ ኬ ዲ ኬ ኤ ኖቬምበር 2 ቀን 1920 የፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን ውጤት ካሰራጨ በኋላ፣ ለሙዚቃና ለንግግር የተመደበው ሞገድ መጀመሪያ አንድ ብቻ ነበር፦ 360 ሜትር። ለገበያ ዋጋና ለአየር ጠባይ ዘገባ 485 ሜትር ተሰጠ። በ1922 ሻል ላሉ ጣቢያዎች 400 ሜትር ተጨመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጣቢያዎቹ ቁጥር ከ500 አልፏል። በአንድ ከተማ ያሉ ጣቢያዎች በ360 ሜትር ላይ ሰዓት እየተካፈሉ፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው እየከፈተ ይሠሩ ነበር። በ1923 የንግድ ሚኒስትሩ ኸርበርት ሁቨር ከባለሙያዎችና ከጣቢያ ባለቤቶች ጋር በጠሩት ጉባኤ መሠረት ስርጭቱ በ10 ኪሎ ኸርዝ እርቀት በተደረደሩ መስመሮች ላይ ተበተነ። ኋላ ላይ ከ550 እስከ 1500 ኪሎ ኸርዝ ሲሰፋ 96 መስመሮች ሆነ። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ (690፣ 730፣ 840፣ 910፣ 960 እና 1030) የካናዳ ናቸው።

የአሜሪካ አህጉር መካከለኛ ሞገድ ዛሬም በዚያው የ10 እርምጃ ነው የሚሄደው። በአፍሪካና በአውሮፓ እርምጃው 9 ነው፤ የኢትዮጵያ ራዲዮ አድማጭ የሚያውቀው 873 ኪሎ ኸርዝ ለ9 ሲካፈል 97 ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ ከሜትር ወደ ኪሎ ኸርዝ (ያኔ ኪሎ ሳይክል ይሉታል) መዞሩ የስም ለውጥ ብቻ አልነበረም። ቀመሩ ቀላል ነው፦ 299,820ን ለሜትሩ ማካፈል። የዜኒት አሮጌና አዲስ ቦታ ልዩነት 7.1 ሜትር ነው፤ እዚያ አካባቢ ይህ 20 ኪሎ ኸርዝ ይሆናል። ያው 7 ሜትር ግን በ540 ሜትር ላይ 7 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ነው፤ በ220 ሜትር ላይ ደግሞ 42 ኪሎ ኸርዝ ይሞላል። ጣቢያዎችን በሜትር እኩል እያራራቀ የሚደረድር ሰው በአንዱ ጫፍ ያጨናንቃል፣ በሌላው ጫፍ ያባክናል። ድምፅ የሚይዘው ስፋት በኪሎ ኸርዝ ስለሚለካ ድርድሩም በኪሎ ኸርዝ መሆን ነበረበት።

ታዲያ ቺካጎና ዴንቨር በ1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው ለምን አንድ መስመር ላይ አብረው መሥራት አቃታቸው? መልሱ ሌሊት ነው። ፀሐይ ሳለች የአየሩ የታችኛው ኤሌክትሪካዊ ንብርብር መካከለኛ ሞገድን ይውጠዋል፤ ጣቢያው የሚሰማው በምድር ላይ እየተሳበ በሚደርስበት ርቀት ብቻ ነው። ሲመሽ ያ ንብርብር ይጠፋል፣ ሞገዱ ከበላዩ ካለው ንብርብር ተንጸባርቆ በመቶዎች፣ አልፎም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ራቅ ብሎ ይወርዳል። ቀን የማይተዋወቁ ሁለት ጣቢያዎች ሌሊት ይጋጫሉ። አድማጩ ደግሞ ሥራ ውሎ ራዲዮን የሚከፍተው ማታ ነው። በመሆኑም የሚፈለገው ሰዓትና የሚጋጨው ሰዓት አንድ ሆነ። በኖቬምበር 1925 ሁቨር የጠሩት አራተኛው የራዲዮ ጉባኤ ቦታ ስለሌለ አዲስ ፈቃድ እንዳይሰጥ መከረ፤ ሚኒስቴሩም መስጠት አቆመ።

የዜኒት ፕሬዚዳንት ዩጂን ማክዶናልድ በ1923 የተመሠረተው የአሜሪካ የስርጭት ባለቤቶች ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበሩ። ወደ 910 መሻገራቸውን ሕጉን ያልተረዳ ሰው ስህተት አድርጎ ማየት አይገባም። የሞገድ ድልድል በአንድ ሚኒስትር እጅ መሆኑን በግልጽ ይቃወሙ ነበር። ሁቨርም ከ1922 ጀምሮ ኮንግረሱ አዲስ ሕግ እንዲያወጣ ሲወተውቱ ኖረዋል፤ የያዙት አዋጅ ደካማ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቁ ነበርና።

የ1912ቱ አዋጅ

የራዲዮ ሥራን የሚገዛው ይህ አዋጅ የወጣው ታይታኒክ በሰጠመችበት ዓመት ነው። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት መርከብን፣ የባሕር ዳርቻ ጣቢያን፣ የሞርስ ቴሌግራፍን ነው። ከ600 እስከ 1600 ሜትር ያለው ክልል ለመንግሥት ተያዘ፣ አማተሮች (ራዲዮን ለፍላጎታቸው የሚሠሩ ሰዎች) ከ200 ሜትር በታች እንዲሠሩ ተደረገ፣ ሌላው ፈቃድ ይውሰድ ተባለ። ሙዚቃ ለሺህ ቤቶች ባንድ ጊዜ ይላካል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ክፍተቱ በጽሑፉ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ይታያል። አንቀጽ 1 ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ ውጪ መሥራትን ይከለክላል፤ ቅጣቱ እስከ 500 ዶላርና መሣሪያውን መወረስ ነው። አንቀጽ 2 ፈቃዱ ሞገዱንና የሥራ ሰዓቱን ‘ይገልጻል’ ይላል፤ ማን እንደሚመርጠው ግን አይናገርም። በአንቀጽ 4 ሥር ያለው የመጀመሪያው ደንብ ደግሞ ጣቢያው ራሱ መደበኛ ሞገዱን እንዲሰይም ያዛል፤ ከ600 እስከ 1600 ካለው የመንግሥት ክልል እስከራቀ ድረስም ሌሎች ሞገዶችን እንዲጠቀም ይፈቅድለታል። አንቀጽ 2 ሚኒስትሩ የሚመድብ ያስመስላል፣ ደንቡ ባለጣቢያው የሚመርጥ ያደርጋል። ሁለቱ አይገጥሙም።

ይህ ስንጥቅ በ1923 አንዴ ታይቶ ነበር። ኢንተርሲቲ የተባለ የኒው ዮርክ የራዲዮ ቴሌግራፍ ኩባንያ ሌሎችን ስለሚያውክ ሁቨር ፈቃዱን አላድስም አሉ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሚኒስትሩ ፈቃድ መንፈግ አይችሉም፤ ሌሎችን በትንሹ የሚያውከውን ሞገድ መምረጥ ግን ይችላሉ ሲል ወሰነ። ሚኒስቴሩ ለሦስት ዓመት የተደገፈው በዚህች ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር። መከልከል ስለማይችል ለሁሉም ይሰጣል፤ መምረጥ ስለሚችል ሁለት ሰዓት ብቻ የሚሆን ቦታ ይሰጣል። የዜኒት ፈቃድ እንዲያ የጠበበው ከዚህ የተነሣ ነው።

የዊልከርሰን ውሳኔ

መንግሥት የመረጠው መንገድ የወንጀል ክስ ነው፣ በአንቀጽ 1 ሥር። እዚህ ላይ ሊሰመርበት ይገባል፤ በእኛ ግምት ጉዳዩን ያበላሸው የክሱ ዓይነት ነው። የወንጀል ድንጋጌ አሻሚ ሲሆን ለተከሳሹ በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል። መንግሥት በእጁ የነበረውን እጅግ አሻሚ ጽሑፍ አሻሚነትን ወደማይታገሥ መድረክ ይዞ ወጣ።

ኤፕሪል 16 ቀን 1926 የቺካጎው ፌዴራል ዳኛ ጄምስ ዊልከርሰን (ከአምስት ዓመት በኋላ አል ካፖንን በግብር ወንጀል የፈረዱበት ዳኛ ናቸው) ዜኒትን በነፃ አሰናበቱ። አመክንዮአቸው ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ፈቃዱ የሚገዛው በአዋጁ ውስጥ ባሉት ደንቦች ነው። ኮንግረስ ሚኒስትሩ ተጨማሪ ደንብ እንዲያወጡ ሥልጣን አልሰጣቸውም። አዋጁ ለባለጣቢያው የሰጠውን የሞገድ ምርጫ ሚኒስትሩ ፈቃድ ላይ በሚጽፉት ቃል ማጥበብ አይችሉም። አስተዳዳሪ ሕግ ያልነካውን ድርጊት በራሱ ውሳኔ ወንጀል ሊያደርገው አይችልም። የመንግሥትን ትርጉም መቀበል ደግሞ ኮንግረስ ያለ ምንም መለኪያ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ለአንድ ሰው አሳልፎ ሰጠ ማለት ይሆናል፤ ይህ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ያስነሣል።

ሁለት ፍርድ ቤቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለቆሙ ሁቨር ፍትሕ ሚኒስቴርን ጠየቁ። ተጠባባቂ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዊልያም ዶኖቫን ጁላይ 8 መልስ ሰጡ፦ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ሚኒስትሩ ግን ሞገድ መመደብም ሆነ ኃይል መወሰን፣ ሰዓት መገደብም ሆነ የፈቃዱን ዘመን ማሳጠር አይችሉም። በማግስቱ ሁቨር ሚኒስቴሩ ከእንግዲህ ለጠየቀ ሁሉ ፈቃድ መስጠት ብቻ እንደሚቀረው፣ ባለጣቢያዎቹም ራሳቸውን እንዲገዙ ተናገሩ።

ፉጨቱ

እስከ ፌብሯሪ 1927 ወደ 200 የሚጠጉ አዳዲስ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ነባሮቹም ቦታ ቀየሩ፣ ዋት ጨመሩ፣ ሰዓት አራዘሙ። አድማጩ ቤቱ ውስጥ የሰማው ግን የሁለት ጣቢያ ድምፅ ተደርቦ ብቻ አልነበረም። ፉጨት ነበር።

ሁለት ጣቢያዎች በትንሹ ተለያይተው ሲያሰራጩ በራዲዮኑ ውስጥ ያለው ዲቴክተር (ድምፁን ከሞገዱ የሚለየው ክፍል) ሁለቱን ተሸካሚ ሞገዶች፣ ማለትም ድምፁ የሚጫንባቸውን ዋና ሞገዶች፣ ያቀላቅላቸውና የልዩነታቸውን ድግግሞሽ ያወጣል። አንዱ በ990፣ ሌላው በ992 ኪሎ ኸርዝ ቢሆን 2,000 ኸርዝ የሆነ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ልዩነቱ ከጥቂት መቶ ኸርዝ እስከ 3,000 ሲሆን ጆሮ በጣም የሚያደምጠው ክልል ስለሆነ አያስችልም። 20 ወይም 30 ኸርዝ ሲሆን ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይንሳፈፋል፤ ይህ የሚቻል ነው።

ፉጨት ከንግግር በላይ ይጓዛል። የጣቢያው ጉልበት አብዛኛው ያለው በተሸካሚው ሞገድ ነው፤ ንግግሩን የያዙት የጎን ሞገዶች ከዚያ ያነሱ ናቸው። ንግግሩ ጨርሶ በማይለይበት ርቀት ላይ ተሸካሚው ገና ደህና አድርጎ ያፏጫል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከከተማው ዳርቻ የማያልፍ ትንሽ ጣቢያ ሌሊት ክፍለ ሀገር ተሻግሮ የሌላውን ስርጭት ማበላሸት ይችላል፤ ጥፋቱን ግን በራሱ አድማጭ ዘንድ አይሰማውም። የዚህ ችግር ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፦ የሚያውከው ሰው ማወኩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሕግ ቢኖርም እንኳ ቦታን መጠበቅ ከባድ ነበር። የጊዜው ብዙ ማስተላለፊያዎች ኳርትዝ (ድግግሞሽን አጽንቶ የሚይዝ ክሪስታል) አልነበራቸውም፤ ድግግሞሹን የሚወስኑት ጥቅልል ሽቦና ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያከማች ክፍል) ናቸው። በእንዲህ ያለ የኤሌክትሪክ ዑደት ላይ የኮንደንሰሩ አቅም በ1 በመቶ ቢቀየር ድግግሞሹ በግማሽ በመቶ ይነቃነቃል፤ በ910 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይህ 4.5 ኪሎ ኸርዝ ነው። አንቴናው በቀጥታ ከሚያመነጨው ቫልቭ (የቫኩም አምፖል) ጋር ከተገናኘ ደግሞ አንቴናው ራሱ የኮንደንሰሩ አካል ይሆናል። ሽቦው በነፋስ ሲወዛወዝ ጣቢያው ይወዛወዛል፤ ቫልቩ ሲሞቅ ይሄዳል።

መለኪያው ሞገድ መለኪያ የሚባል ሳጥን ነበር፦ የታወቀ ጥቅልል፣ የሚዞር ኮንደንሰር፣ ጉልበት ሲያገኝ የሚያመለክት መርፌ ወይም ትንሽ አምፖል። ሳጥኑን ከማስተላለፊያው ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ኮንደንሰሩን ቀስ ብሎ ማዞር፣ መርፌው ከፍ ያለበትን ነጥብ ከሁለቱም በኩል እየመጡ ደጋግሞ ማንበብ፣ ከዚያ በሰንጠረዡ ወደ ድግግሞሽ መለወጥ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሳጥኑን በጣም በማስጠጋት ነው፤ ያኔ መለኪያው ራሱ ማስተላለፊያውን ይጎትተዋል፣ አንዳንዴም በአንድ ጫፍ ፈንታ ሁለት ጫፍ ይታያል። በደንብ የተያዘ ሳጥን 0.3 በመቶ ቢሳሳት እንኳ በ1000 ኪሎ ኸርዝ ላይ 3 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ ሁለት ጣቢያዎች በቅንነት ለክተው ሊያፏጩ ይችላሉ። መፍትሔው ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ድግግሞሹን የሚያመነጨውን ትንሽ ቫልቭ ከአንቴናው ለይቶ በመካከሉ ማጉያ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ሙቀቱ በተጠበቀ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የኳርትዝ ስስ ቁራጭ ነው።

በራዲዮኑ በኩልም ድክመት ነበር። ሦስት ቁልፍ ለየብቻ እየዞረ የሚስተካከለው የጊዜው ራዲዮን አጠገቡ ያለን ኃይለኛ ጣቢያ ከጎረቤቱ መለየት አይችልም። የአንድ ከተማ ጣቢያዎች 50 ኪሎ ኸርዝ መራራቅ ያስፈለጋቸው ለዚህ ነው።

ቀድሞ የመጣ ባለመብት

ሕጉ ሲጠፋ አንዱ ባለጣቢያ ወደ መደበኛ ፍትሐ ብሔር ዞረ። የቺካጎ ትሪቡን ጣቢያ ደብሊው ጂ ኤን በ990 ኪሎ ኸርዝ ይሠራ ነበር። በሴፕቴምበር 1926 ኦክ ሊቭስ የተባለው ጣቢያ ከነበረበት 1200 ኪሎ ኸርዝ ተነሥቶ እስከ 40 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ተጠጋው። ትሪቡን በኩክ ካውንቲ ፍርድ ቤት ከሰሰ።

ዳኛ ፍራንሲስ ዊልሰን ኖቬምበር 17 ቀን የእግድ ትእዛዝ ሰጡ። የራዲዮ ሕግ በሌለበት የመረጡት ምሳሌ ብልህ ነው፦ በምዕራብ ክፍለ ግዛቶች የወንዝ ውኃ ቀድሞ የጠለፈ ገበሬ የሚያገኘው መብት፣ እንዲሁም የንግድ ምልክት ጥበቃ። ገንዘብና ድካም አፍስሶ አድማጭ ያፈራ ጣቢያ በጊዜ ቅድሚያ የመብት ቅድሚያ አለው አሉ፤ በ100 ማይል ክልል ውስጥ 50 ኪሎ ኸርዝ አስተማማኝ ርቀት ነው ብለውም ወሰኑ።

ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ የራዲዮ ሞገድ ያለ ተቆጣጣሪ በፍርድ ቤት ብቻ ሊተዳደር ይችል እንደነበር ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል። ለአንድ ከተማ ሁለት ጣቢያዎች በእርግጥ ይሠራል። ሌሊት በአምስት ክፍለ ግዛት ካሉ ስምንት ጣቢያዎች የሚመጣን ፉጨት ግን በአንድ የካውንቲ ትእዛዝ ማቆም አይቻልም፤ መጀመሪያ የሚያፏጨው ማን እንደሆነ መለየት ራሱ በጊዜው መሣሪያ አድካሚ ነበር። ኮንግረስን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነገር ነው፦ የሞገድ የባለቤትነት መብት ሥር መስደድ መጀመሩ። ዲሴምበር 8 ፈቃድ ከ90 ቀን እንዳይበልጥና ማንኛውም ፈቃድ ጠያቂ በአየሩ ላይ መብት አለኝ የሚለውን አስቀድሞ እንዲተው የሚያዝ የጋራ ውሳኔ ወጣ።

ከአዋጁ በኋላ

የ1927ቱ የራዲዮ አዋጅ ፌብሯሪ 23 ተፈረመ። አምስት አባላት ያሉት የፌዴራል ራዲዮ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ አገሪቱ በአምስት ዞን ተከፈለች፣ የፈቃድ መለኪያው ‘የሕዝብ ጥቅም፣ ምቾት ወይም አስፈላጊነት’ ሆነ። ዊልከርሰን ‘መለኪያ የለም’ ላሉት መልስ መሆኑ ነው። ከሁሉ የበረታው ድንጋጌ ግን ነባር ፈቃዶች በሙሉ አዋጁ ከጸና ከ60 ቀን በኋላ እንዲያበቁ ያደረገው ነው። ኮሚሽኑ ሲጀምር ከ700 በላይ ጣቢያዎች አየር ላይ ነበሩ፤ አንድ በአንድ ፈቃዳቸውን ከመንጠቅ ሁሉንም ዜሮ ላይ አድርሶ እንደገና ማመልከት ማስፈለጉ የኮሚሽኑን ሥራ የሚቻል አደረገው።

ኮሚሽኑ የካናዳን ስድስት መስመሮች ከሁሉ አስቀድሞ አስለቀቀ። ሁሉም ጣቢያ ወደ 10 ኪሎ ኸርዝ መስመሮች እንዲመለስ፣ የአንድ ከተማ ጣቢያዎች በ50 እንዲራራቁ ተደረገ፤ አዲሱ ድልድል ጁን 15 ቀን 1927 ሥራ ላይ ዋለ። ግን ሌሊቱ አልጠራም። መስመሩ ልክ ቢሆንም በአንድ መስመር ላይ የተቀመጡት በዝተው ነበር። ስለዚህ ኖቬምበር 11 ቀን 1928 ትልቁ ለውጥ መጣ፦ ለየዞኑ ስምንት፣ በጠቅላላው 40 መስመሮች ሌሊት ለአንድ ኃይለኛ ጣቢያ ብቻ ተለቀቁ፤ ስድስት መስመሮች ከ100 ዋት ለማይበልጡ ትንንሽ የአካባቢ ጣቢያዎች ሆኑ፤ ቀሪው ለመካከለኞቹ ተደለደለ። ሌሊቱ በእርግጥ ጠራ። ዋጋውን የከፈሉት ገንዘብና ጠበቃ ያልነበራቸው ናቸው፤ ብዙ የኮሌጅና የማኅበር ጣቢያዎች ወደ ቀን ሰዓት ወይም ወደ ጥቂት የጋራ ሰዓታት ተገፉ፣ ከዚያም ተዘጉ። ይህ በጊዜው ሊቀር ይችል የነበረ ጉዳት ነው ብለን እናምናለን፤ 40ዎቹን መስመሮች ለመሙላት ዋናው መመዘኛ የመሣሪያ አቅም መሆኑ ሀብታሙን አስቀድሞ መርጦታል።

የመለኪያው ጉዳይ ለብቻው ቀጠለ። በ1927 የተፈቀደው መንሸራተት ወደ ላይም ወደ ታችም 500 ኸርዝ ነበር። ጥብቅ ይመስላል፤ አንዱ 500 ወደ ላይ፣ ሌላው 500 ወደ ታች ቢሄድ ግን ሁለቱም ሕግ ሳይጥሱ 1,000 ኸርዝ ያፏጫሉ። ኳርትዙና የሙቀት ሣጥኑ በየጣቢያው ሲገቡ በ1932 ወሰኑ ወደ 50 ኸርዝ ወረደ። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ 910 የሚል ጣቢያ ከ909.95 እስከ 910.05 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ መገኘት ግዴታው ሆነ።